አያት የቋጠሩት ስንቅ ይሻላል ወይስ ስልክ የጻፈው?

ዘንድሮ የሚደርሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የፍቅር ጣጣ ናቸው። የዛሬው ግን ለየት ይላል፤ የጉዞ ጥያቄ ነው። ግርጌው ላይ ደግሞ ከጉዞው የሚብስ ነገር አለበት። እሱን በኋላ እንደርስበታለን።

ጠያቂያችን የ22 ዓመት ወጣት ናት። ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። እናቷ ግን የጋይንት ሰው ናቸው፤ አያቷም እስከ ዛሬ የሚኖሩት አርብ ገበያ ነው። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ሄዳ አያቷን ለመጠየቅ አስባለች። እግረ መንገዳቸውን አንዱን ቀን ጉና ተራራ ላይ ወጥተው ሊመለሱ፣ ሌላውን ቀን ደግሞ ከአርብ ገበያ ወደ በሽሎ ቆላ ወረድ ብለው ሊመጡ አቅደዋል። አራቱም ተራራ ወጥተው አያውቁም። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀውን እንጦጦ ፓርክን ዞር ዞር ብለውበታል፤ በቃ ይኸው ነው።

ጓደኞቿ ከስልክ ላይ ረዥም የዕቃ ዝርዝር አወጡ። የፀሐይ መነጽር፣ ኃይል ሰጪ መጠጥ፣ የሙዚቃ ስፒከር፣ አዲስ ነጭ ስኒከር፣ ምኑ ቅጡ! እሷ ለአያቷ ስትደውል ግን ሌላ ዝርዝር ነገሯት። ጋቢ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዱላ፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው፣ ለብርዱ ደግሞ ጠብ የምትል አረቄ። ጓደኞቿ ይህን ሲሰሙ በሳቅ ፈነዱ። እሷ ግን ግራ ገባት፤ ማንን እንስማ ብላ ጠየቀችን።

እህታችን፣ መልሱን ባጭሩ ልንገርሽና ወደ ዝርዝሩ እንገባለን። አያትሽ ከስድስቱ አምስቱን አውቀውታል። አንዷ ላይ ተሳስተዋል። ስልኩ ደግሞ አያትሽ ያላሰቧቸውን ጥቂት ነገሮች ያውቃል። የቀረው ሸክም ነው።

ከሻንጣው በፊት

ከሁሉ በፊት አንድ ቁም ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የተነሣ የመንገዱ ነገር ተለዋዋጭ ነው። ዛሬ ሰላም ነው የተባለ ቦታ ነገ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ትኬት ሳትቆርጡ ለአያትሽ ደውይ፤ ለጎረቤት ደውይ፤ በመንገዱ የሚመላለስ ሹፌር ጠይቂ። «ቆዩ» ካሉ ቁጭ በሉ። ተራራው የትም አይሄድም። ለጊዜው የረር፣ ወጨጫ ወይም ዝቋላ ይበቋችኋል፤ የሚያዘውም ዕቃ ያው ነው። መንገዱ ደኅና ነው ከተባላችሁም መታወቂያችሁን አትርሱ፤ ዝርዝር ብርም ያዙ።

አንዱ ሽቅብ፣ አንዱ ቁልቁል

ያሰባችኋቸው ሁለት ጉዞዎች ጭራሽ አይመሳሰሉም። ይህን ሳታውቁ ሻንጣ ማሰናዳት ዋጋ የለውም።

ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። አዲስ አበባ ደግሞ በአማካይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። እንግዲህ አስሉት! አዲስ አበባ ላይ 22 ዲግሪ ሆኖ በሸሚዝ በምትንሸራሸሩበት ቀን ጉና አናት ላይ የሚጠብቃችሁ 11 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ነፋሱ ሳይታሰብ ነው። ከአርብ ገበያ ወደ ጉና ስትመጡ የምታልፉባት ከተማ ስሟ ማን ነው? ነፋስ መውጫ! የአገሬው ሰው ስም ሲያወጣ እንዲሁ አያወጣም። ወደ ጣና የሚገቡት ርብና ጉማራም የሚነሡት ከዚሁ ከጉና ነው። ይህን ሁሉ ውሃ የሚያፈልቅ ተራራ ደመና የሚወድ ተራራ ነውና ዝናብ አይመጣብንም ብላችሁ አትዘናጉ።

በሽሎ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ታች ጋይንት ከደጋው ጫፍ ተነሥቶ እስከ በሽሎ ወንዝ ይወርዳል። ከወንዙ ማዶ ደቡብ ወሎ ነው። ጠዋት በብርዱ፣ በጉልበታችሁ፣ እየሣቃችሁ ትወርዳላችሁ። እየወረዳችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። ከዚያስ? ውሃው ካለቀ፣ ጉልበት ከላላ፣ ፀሐይ አናት ከበሳች በኋላ ዳገቱ ይጀምራል! ተራራ ሲወጡ የደከመው ሰው ቁልቁል ይመለሳል። ገደል የወረደ ሰው ግን ቢደክመውም ሽቅብ መውጣቱ የግድ ነው። ጀማሪን የሚያታልለው ይህ ነው። ለአንድ ሰዓት ቁልቁለት ሁለት ሰዓት ዳገት መድቡ። ውሃችሁንም እንደዚሁ ከሦስት እጅ አንዱን ለመውረጃ፣ ሁለቱን ለመውጫ አድርጉት። ወንዙ ድረስ ካልደረስን ብላችሁም ድርቅ አትበሉ። እስከምትችሉት ወርዳችሁ ተመለሱ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ አገር አልፈው፣ በሽሎን ተሻግረው ነበር። መድፉ ወደ 7 ቶን ይመዝናል፤ መንገዱም ወራት ፈጅቷል። እናንተ ግን ያላችሁ አንድ ቀን ነው። ስለዚህ ሻንጣችሁ ከነውሃው ከ6 ወይም ከ7 ኪሎ አይለፍ። በየመንገዱ የምታገኙት ሕፃን እረኛ ሻንጣችሁን እንዲሸከምላችሁ ካስፈለገ ዕቃው በዝቷል ማለት ነው።

ጋቢው

ጋቢ ሲደርቅ የሚደርስበት የለም። ድርብ ስለሆነ አየር ይዞ ያሞቃል። ነገር ግን ጥጥ ነው። ውሃ ከጠጣ ይከብዳል፣ ያቀዘቅዛል፣ ቶሎም አይደርቅም። ስለዚህ ጋቢውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ሻንጣ ውስጥ ክተቱት። ስትሄዱ ሳይሆን ስታርፉ ልበሱት። የደጋ እረኛ ዝናብ ሲመጣ ከሣር የተሠራ ገሳ የሚደርበው ለምን ይመስላችኋል? ውስጡ እንዳይረጥብ ነው። እናንተም ከላይ ዝናብ የማያስገባ ልብስ ያስፈልጋችኋል። ከጠፋ ሰፋ ያለ ላስቲክ አንገት ማስገቢያ ቀዳችሁለት ይበቃል።

አለባበሱ ሦስት ድርብ ነው። ከውስጥ ላብ ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ቲሸርት፣ ከመሐል የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ የዝናቡ ልብስ። ውድ ነው እንዳትሉ! ሰልባጅ ተራ ዞር ብትሉ ጥሩ ሹራብ በርካሽ ይገኛል። ጂንስ ሱሪ ግን ቤት ይቅር። አንዴ ከራሰ እግር ላይ እንደ እርጥብ ሸራ ይጣበቃል፤ ቀኑን ሙሉም አይደርቅም። አንድ ደረቅ ቲሸርትና አንድ ደረቅ ካልሲ በላስቲክ ቋጥራችሁ ያዙ። ኮፍያና ጓንትም ለጉና አይቅር።

ዳገቱን ስትጀምሩ ትንሽ ብርድ ብርድ እያላችሁ ጀምሩ። ሞቆኛል ብሎ ሹራቡን ሳያወልቅ በላብ የራሰ ሰው አናት ላይ ሲቆም ነፋሱ ያንኑ ላብ በረዶ ያደርግበታል። ከጓደኞቻችሁ አንዱ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ አፉ ከተሳሰረ፣ ጣቱ አልታዘዝ ካለው ቀልድ አይደለም። እርጥቡን አውልቁለት፣ ደረቅ አልብሱት፣ በጋቢ ጠቅልሉት፣ ጣፋጭ ነገር ስጡትና ይዛችሁት ውረዱ።

ጫማው

አዲሱ ነጭ ስኒከር ለፎቶ ያምራል። ለመንገድ ግን አዲስ ጫማ ጠላት ነው። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ ያልተለማመዳችሁበትን ጫማ ተራራ ላይ አታድርጉ። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቢሆን ይመረጣል። የእግር ጥፍራችሁን ከዋዜማው ቁረጡ፤ ቁልቁለት ላይ ረዥም ጥፍር ጫማው ጫፍ ላይ እየተጋጨ ይጠቁራል። ተረከዝ መፋቅ ሲጀምር «ትንሽ ነው» ብላችሁ አትለፉ። ወዲያው ቁሙና ፕላስተር ለጥፉ። ውሃ ከቋጠረ በኋላ የቀረው መንገድ መከራ ነው።

ውሃና ስንቁ

አንድ ሰው ሲሄድ በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልገዋል። ለጉና 2 ሊትር፣ ለቆላው ቢያንስ 3 ሊትር ያዙ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ መሆኑን አትርሱ፤ ለዚህ ነው ስፒከሩ ቤት ይቅር የምንለው። ምንጭ አለ ብላችሁ አትመኑ፤ ቢኖርም ከብት ጠጥቶበታል። የምንጭ ውሃ የግድ ካስፈለገ ከፋርማሲ የሚሸጠውን «ውሃ አጋር» ይዛችሁ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ጨምሩበት።

ወደ ስንቁ እንምጣ። ጓደኞችሽ በበሶ የሳቁት በሶን ስላላወቁት ነው። የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው። እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ ቦታ አይይዝም፣ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ሆድ ይይዛል። ቆሎ በኪስ ይገባል፤ እየሄዱ ይቆረጠማል። ዳቦና ሙዝ ጨምሩበት። ኃይል ሰጪ የሚባለው መጠጥ ስኳርና ካፌይን ነው፤ ልብ ያስመታል እንጂ የውሃን ቦታ አይተካም። ከሱ ይልቅ ከፋርማሲ አንድ ሁለት ከረጢት ኦአርኤስ ግዙ። ካጣችሁም ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ልክ በልኩ። ማንኪያው አይከመር።

ጿሚ ከሆናችሁ ደግሞ የጉዞውን ቀን ምረጡ። እህልና ውሃ ሳይቀምሱ እስከ 9 ሰዓት ዳገት መውጣት አያዋጣም። ረቡዕና ዓርብን አያታችሁ ቤት ዋሉ፤ ሌላ ቀን ውጡ። እንዲያውም ዓርብ ዕለት ገበያውን ዞር ብላችሁ እዩ። ከደጋም ከቆላም በእግሩ የሚመጣውን ገበያተኛ ተመልከቱ። ምን እንደያዘ፣ ምን እንዳልያዘ ልብ በሉ። ከዚያ የተሻለ የዕቃ ዝርዝር ከየትም አታገኙም።

ዱላውና ሰውየው

ዱላ የሽማግሌ ነው ብላችሁ አትናቁ። ቁልቁለት ላይ የጉልበትን ሸክም ይጋራል፣ ጭቃ ላይ ይደግፋል፣ ውሻም ያስፈራል። ገጠር ስትገቡ ውሻ ቢመጣባችሁ አትሩጡ፤ ቁሙ፣ ዱላችሁን መሬት ላይ ያዙ፣ ባለቤቱን ጥሩ።

አገሩን የሚያውቅ ሰው ያሉትም ትክክል ነው። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ጎብኚ ያለ ስካውት አይገባም። እናንተም ጉና ላይ ያለ አገሬው ሰው አትውጡ። ጉም አንዴ ከወረደ ሁሉም አቅጣጫ አንድ ይሆናል። ጅብራው እንኳን ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላል። የሰውየውን የቀን ዋጋ ጠዋት ተነጋገሩ። ለሱም ስንቅ ያዙለት።

አረቄዋ ትቅር

አያትሽ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። እሳቸው ብቻም አይደሉም፤ አገሩ ሁሉ እንደዚያ ያምናል። አረቄ የሚያሞቅ የሚመስለው ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚገፋው ነው። ቆዳ ሲሞቅ የሰውነት ውስጥ ሙቀት በዚያው ይወጣል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የጠጣው ካልጠጣው በባሰ ይበርደዋል። ማመዛዘንም ይቀንሳል፤ ገደል አፍ ላይ ደግሞ ማመዛዘን ያስፈልጋል። አያትሽን እንዳታስቀይሚ አረቄዋን ተቀበዪና ማታ ቤት ስትመለሱ እሳት ዳር ቅመሷት። ለመንገዱ ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ ያዙ።

ከስልኩ ዝርዝር የሚወሰደው

አሁን ደግሞ ለጓደኞችሽ እንፍረድ። የፀሐይ መነጽሩ ትክክል ነው። በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርድ ስላለ ፀሐይ የለም ማለት አይደለም። ባርኔጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ለከንፈር ቫዝሊን ያስፈልጋል። ጠይም ነኝ አያቃጥለኝም የሚል ካለ ማታ አፍንጫውን ያያል።

ባትሪ፣ ማለት የእጅ መብራት፣ የግድ ነው። የስልክ መብራት አይበቃም፤ ብርድ የስልክን ኃይል ቶሎ ይጨርሳል። በእኛ አገር ፀሐይ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቅና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድንግዝግዙም ያልቃል። ስልኩን ከሰውነታችሁ ጋር አድርጉት፣ ፓወር ባንክ ያዙ፣ ግን ኔትወርክ ይኖራል ብላችሁ አትተማመኑ። ለአያትሽ የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ተናግራችሁ ውጡ። ሰዓትም ቁረጡ። ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን የትም ብትሆኑ መመለስ ነው፤ አናቱ መቶ ሜትር ቢቀርም! መብረቅና ነጎድጓድ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ገና ከሩቅ ስትሰሙት ከሸንተረሩ ውረዱ፤ ብቸኛ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

ለሴቶቹ አንድ ነገር ልጨምር። ሞዴስና ሶፍት ያዙ፤ ቀኑ ባይሆንም ያዙ። ከፍታና ድካም ቀን ሊያዛባ ይችላል። የተጠቀማችሁበትን የምትመልሱበት ቤት የቀረ አሮጌ ፌስታል አይጥፋ። ሽንት ቤት የለም ብላችሁ ውሃ ከመጠጣት አትታቀቡ። የብዙ ሴት ራስ ምታት ከዚያ ነው የሚመጣው።

ምስጢሩ

አሁን ወደ ግርጌው እንምጣ። ጠያቂያችን መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር የጻፈችው ይህን ነው። ከሁለቱ ወንዶች አንዱ አስም አለበት። የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ለሌሎቹ እንዳትናገር አስምሏታል። ጭራሽ ደግሞ ፈጥነን እንውጣ፣ እንወዳደር እያለ የሚፎክረው እሱ ነው።

እህቴ፣ ጋቢውም በሶውም ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ብርድ፣ ደረቅ ነፋስና ዳገት አስም ከሚቀሰቅሱት መካከል ናቸው፤ ጉና ላይ ሦስቱም አሉ። በዚያ ላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ላልለመደው ሰው ከፍታው ራሱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ያመጣል። ልጁ ትንፋሽ ሲያጥረው ጓደኞቹ «ደክሞት ነው» ብለው ይስቁበታል። እሱም አፍሮ ዝም ይላል። መኪናው ሩቅ፣ ሐኪም ቤቱ ከዚያ የራቀ ነው።

አስም ያለበት ሰው ተራራ አይውጣ አላልኩም። ብዙዎች ይወጣሉ። ግን በደንቡ ነው። ከመሄዱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። የሚነፋውን መድኃኒት፣ ፓፉን፣ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከሹራቡ ሥር ባለ ኪስ ይያዝ፤ ከበረደ በደንብ አይሠራም። ትርፍ ፓፍ ሌላ ሰው ይያዝለት። አፍና አፍንጫውን በሻርፕ ይሸፍን። ከፊት ሆኖ አይሩጥ፤ የቡድኑ ፍጥነት የእሱ ፍጥነት ይሁን። እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ተብሏል። ፓፉን ወስዶም ካልተሻለው ቁጭ አድርጋችሁ አትጠብቁት፤ ይዛችሁት ውረዱ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን አብረውት ያሉት ሲያውቁ ብቻ ነው። መሐላሽን አፍርሺና ሂጂ ንገሪ አልልሽም። ለብቻው አግኚውና እንዲህ በዪው፦ «ወይ አንተ ትነግራቸዋለህ፣ ወይ ጉና ቀርቶ አያቴ ቤት ቡና እየጠጣን እንውላለን።» ከሁለት አንዱን ይምረጥ። ቢቆጣሽ ይቆጣ። ቁጣ በሳምንት ይበርዳል። አንቺ ግን ብቻሽን የምታውቂውን ምስጢር ይዘሽ 4,000 ሜትር ላይ ከእሱ ጋር መቆም የለብሽም። ለአንድ ሰው የማይበቃ ሸክም ነው።

በጥቂቱ እነሆ

ለመቁረጥ የሚመች ዝርዝር ለምትወዱ፦ ውሃ 2 ወይም 3 ሊትር፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፤ ኦአርኤስ፤ ሹራብና የዝናብ ልብስ፤ በላስቲክ የተጠቀለለ ጋቢ፤ ትርፍ ቲሸርትና ካልሲ፤ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ባርኔጣ፤ የለመዳችሁት ጫማ፤ ዱላ፤ ባትሪ፤ ፕላስተር፣ ፋሻና የየግላችሁ መድኃኒት፤ መነጽርና ቅባት፤ ሶፍት፤ መታወቂያና ዝርዝር ብር፤ ቆሻሻ መመለሻ ፌስታል። ወደ ቆላው ስትወርዱ ጓንቱን ትታችሁ እጅጌው ረዥም የሆነ ቀላል ሸሚዝ ጨምሩ። ቆላ ላይ ወባ ስላለ ሳይመሽ ወደ ደጋው ውጡ። ክረምቱን ግን ለሁለቱም አትሞክሩት፤ ወንዙም ይሞላል፣ ዳገቱም ያንሸራትታል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል፤ የጠዋቱ ውርጭ ግን ይቆነጥጣል።

አያትሽን ጠይቂልን። ጋቢው ትክክል ነበር በያቸው። የአረቄዋን ነገር ደግሞ ቀስ ብለሽ አስረጂያቸው።

ለሳምንት ሰው ይበለን!